የተደመሰሰ መልእክት ባለቤቱ ማን ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ለብዙ ዘመን እንደ ደንብ ሆኖ ኖሯል። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ነፋስ ይወስደዋል፤ ጽሑፍ ግን በብራና ተቀምጦ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። በዚህ ዘመን ከሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ነገር መጣ፤ እርሱም በእጅ ስልክ የሚላከው አጭር መልእክት ነው። እንደ ቃል ፈጥኖ ይወጣል፥ እንደ ጽሑፍም ይቀመጣል። የጻፈው ሰው በጣቱ ነክቶ ሲደመስሰው ፈጽሞ የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ ተሰውሮ የሚቈይበት ጊዜ አለ፤ የወንጀል መርማሪም በብልሃት ያወጣዋል። እንግዲህ ባለቤቱ እንዲጠፋ የፈቀደውን ጽሑፍ ሌላ ሰው አውጥቶ ቢያነበው ተገቢ ነውን?

ይህን ጥያቄ በጌዴኦ ምድር ኑሮ መመርመር ይቻላል። የዞኑ ርእሰ ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ገበያ ናት። በይርጋጨፌ፥ በወናጎ፥ በኮቸሬና በገደብ የቡና ለቀማ ሲደርስ ስለ ዋጋና ስለ ቀጠሮ የሚደረገው ንግግር ብዙው በስልክ ያልፋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህም ገንዘብ መድረሱ ራሱ በመልእክት ይነገራል። አሁን ለምሳሌ አንድ ነጋዴ አንድ ገበሬን «እሸት ቡናህን አስረክበኝ፤ ቀሪውን ገንዘብ ለጥምቀት እከፍልሃለሁ» ብሎ ጻፈለት እንበል። ቡናው ተወሰደ፤ የገበሬው ስልክ ጠፋ፤ ነጋዴውም ከራሱ ስልክ መልእክቱን ደምስሶ «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» ብሎ ካደ። ነገሩም በማታለል ክስ ቀረበ። ሦስተኛ ሰው ያላየው ውል ስለ ሆነ፥ ለዚህ ገበሬ የተደመሰሰውን ጽሑፍ ከሚያወጣው ባለሙያ በቀር ምስክር የለውም።

የአወጣጡ ብልሃት ለብራና ጸሓፊ እንግዳ አይሆንበትም። ብራና በተወደደ ጊዜ የቀደመው ጽሑፍ እየተፋቀ ሌላ ይጻፍበት ነበር፤ ቢፋቅም የቀለሙ ርዝራዥ አይጠፋም። የግሪኩ ሊቅ የአርኪሜድስ ድርሰት በ13ኛው መቶ ዓመት ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎበት ሳለ፥ በእኛ ዘመን ሊቃውንት ልዩ ልዩ ብርሃን እያበሩበት ከሥር ያለውን ፊደል አንብበዋል። ሲም ካርድም ይህን ይመስላል። በሲም ካርድ ላይ አንድ መልእክት 176 ባይት የሆነ ቦታ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ቦታው የተያዘ ወይም ባዶ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ከአሮጌዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ መልእክት ሲደመሰስ ይህን ምልክት ብቻ ለውጠው ፊደሉን ሳይነኩ ይተዉት ነበር፤ ስለዚህ ሌላ መልእክት እስኪጻፍበት ድረስ ጽሑፉ በቦታው ይገኛል። አሁን መልእክት በብዛት የሚቀመጠው በስልኩ በራሱ መዝገብ ሲሆን፥ በዚያም የተደመሰሰው መስመር አንዳንድ ጊዜ ሌላ እስኪተካበት ይቈያል። በአዲሶቹ ስልኮች ግን ጽሑፉ በምስጢር ቍልፍ የታሰረ ነውና ቍልፉ ከጠፋ የሚነበብ ነገር አይገኝም።

ይሁን እንጂ የገበሬውን እውነት የሚያወጣው መሣሪያ የሌላውንም ሰው ምስጢር አብሮ ያወጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና በስልክ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓል፤ ይህም የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 መርማሪው የኮምፒዩተርን ሥርዓት ለመፈተሽ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2006 ዓ.ም. ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ያለ ዳኛ ትእዛዝ እንዳይበረብር ወስኗል። አጥሩ ሲፈርስ የሚሆነውን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ፥ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የታሰሩ ሰዎች የስልክ ጥሪያቸው ዝርዝርና የተቀዳ ንግግራቸው እየቀረበ ይመረመሩበት እንደ ነበረ ይናገራል።

ስለዚህ የባለቤትነቱን ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የተላከ ቃል ሁለት ባለቤት አለው። «እከፍላለሁ» ብሎ የላከ ሰው ቃሉን ለሌላው አስረክቧል፤ ከራሱ ስልክ ቢደመስሰው የደመሰሰው የራሱን ቅጂ እንጂ የገበሬውን መብት አይደለም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአባቶች ብሂልም የሚከብደው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ተጽፎ ያልተላከ ቃል ግን ከዚህ ይለያል። ሰው ተቈጥቶ ይጽፋል፥ ሳይልክም ተጸጽቶ ይደመስሳል፤ መርማሪው ይህንንም ሊያወጣው ይችላል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለማንም ያልተሰጠ ሐሳብ ነውና በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ቢቀር ይሻላል። ሦስተኛው በነገሩ ያልተከሰሰ ሰው ቃል ነው። በነጋዴው ስልክ ውስጥ የሚስቱ ኀዘን፥ የወንድሙ ብድር፥ ምናልባትም ለንስሐ አባቱ የጻፈው ኑዛዜ ይገኛል። ካህኑ በአፉ እንዳይገልጠው የታሰረበትን ምስጢር መርማሪው ከስልክ አውጥቶ በችሎት ቢያነበው፥ ምእመናን ከዚያ ወዲያ በማን ይታመናሉ?

መደምሰሱም ብቻውን የጥፋት ምልክት ተብሎ ሊቈጠር አይገባም። አንዱ ወንጀሉን ለመሸሸግ ይደመስሳል፤ ሌላው ስልኩ ስለ ሞላ ይደመስሳል፤ ሌላው ደግሞ ወንድሙ በቍጣ የሰደደውን ስድብ ይቅር ብሎ ዳግመኛ እንዳያየው ያጠፋዋል። በመሣሪያው ላይ የሦስቱም ምልክት አንድ ዓይነት ነው።

ከዚህም በላይ የወጣው ፊደል ሁልጊዜ ቃሉን አይሰጥም። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160፥ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ስለሚይዝ ሰው አሳጥሮ ይጽፋል። «ነገ ይመታል» የሚል ጽሑፍ ተገኘ እንበል። ላልቶ ሲነበብ መቺው እርሱ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው እርሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይምና አንዲቱ ነጥብ ሳትጐድል የወጣችው ጽሑፍ ገዳዩን ከሟቹ ላትለየው ትችላለች። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን አገኘሁ እንደማይል፥ ዳኛም ፊደሉን ይዞ ልቡን አወቅሁ ሊል አይገባውም። ስልክ በቤተ ሰብ መካከል እየተዋሰ ስለሚዞርም የስልኩ ቍጥር የጻፈውን እጅ አያሳይም።

ጥሩ ባለሙያ ይህን ያውቃል። ስልኩን ከአውታር ለይቶ ያስቀምጣል፤ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሠራም፤ ቅጂው እንዳልተለወጠም በቍጥር ማኅተም ያረጋግጣል፤ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመሰክራል። ዳኛው ደግሞ የሚፈለገውን ነገርና ዘመን ለይቶ ያዝዛል፤ ለገበሬው ክስ የአንድ ለቀማ ወራት መልእክት ከበቃ የቀረው ተዘግቶ ይኖራል።

በጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ጠብ ሲያበርዱ ባለ ጉዳዮቹን አቅርበው ቃላቸውን ይሰማሉ። ከሲም ካርድ የወጣ መልእክትም ጻፈ በተባለው ሰው ፊት ተነቦ «ቃልህ ይህ ነውን? ምን ማለትህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ያን ጊዜ ገበሬው የቡናውን ዋጋ ያገኛል፤ ነጋዴውም ባልበደለው አይፈረድበትም።