ከቅጥሩ ሥር የሚወጣው ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ካለፈ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚያየው የታረሰ ተዳፋት፥ ጎርፍ የቦረቦረው መሬትና በየቤቱ ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ላስተዋለ ሰው፥ በዚህ ሁሉ መካከል እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ደን ይታየዋል። በየደኑ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። መንገደኛው ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ካልሄደ በቀር በዚያ ደን ውስጥ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። ከእኛም ብዙዎቻችን በአጠገቡ ተወልደን በአጠገቡ እናረጃለን እንጂ፥ ከበዓል ቀን ግርግር በቀር በጸጥታ ገብተን አናውቅም።

ከክረምት መውጫ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፥ ከጥቂት ወጣቶችና ከሁለት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን በእግር ሄድን። ደኑ ከእርሻው በታች ባለ ሸለቆ ውስጥ የተሸሸገ ስለ ሆነ ከበሩ እስክንደርስ ድረስ አላየነውም። በበሩ አንድ አረጋዊ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህን ተቀምጠው አገኘናቸውና እጅ ነሥተን «አባታችን፥ ደኑን ለማየትና ለመጸለይ መጥተን ነበር፤ ይፈቅዱልናል?» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አየት አድርገውን «ግቡ ልጆቼ፤ ነገር ግን ቅጠል እንዳትበጥሱ» አሉን። ከወጣቶቹ አንዱ ዛፉ ለምን እንደማይቆረጥ ቢጠይቃቸው፥ «ዛፉ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው። እናቱን ራቁቷን የሚያቆም ማን ነው?» ብለው መለሱለት።

ወደ ውስጥ ስንገባ የፀሐዩ ትኩሳት ቀረ። ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባው፥ ብሳናውና ዋንዛው ከላይ ተያይዞ ጥላ ሆኗል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከዶቅማዎቹ ሥር አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። ከእርስዋም የሚወጣው ጅረት በድንጋይ መካከል እየተንሿሿ ይወርዳል። በጅረቱ ዳር ዳር የውኃ ቀጂዎች እግር ያቀናው ቀጭን መንገድ አለ። በዚያ መንገድ አንዳችን ከአንዳችን ኋላ ሆነን ዝም ብለን ሄድን። መንገዱ ያለቀው ከድንጋዩ ቅጥር አጠገብ ነው፤ ጅረቱ ግን አላለቀም፤ ከቅጥሩ ሥር በተተወለት ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ገበሬዎቹ ማሳ ወረደ። ከቅጥሩ ውጭ ሴቶች እንስራ ይሞላሉ፥ ከብቶችም ይጠጣሉ። እኔም በዚያ ቆሜ ሳለሁ ዛሬ የማካፍላችሁን ሦስት ነገር አሰብሁ፤ እነርሱም ቅጥሩ፥ ዘሩና ውኃው ናቸው።

፩. ቅጥሩ

ይህ አገር ቀድሞ እንዲህ የተራቆተ አልነበረም። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሣ ወገኖች መቀመጫ፥ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋትም ከከተማዋ አጠገብ ነው። ሠራዊት የሰፈረበት ቦታና እሳት የሚነድበት ፋብሪካ ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ መገመት አያዳግትም። ከዚያም ሕዝቡ በዛ፥ እርሻው ወደ ዳገት ወጣ፥ ማገዶውም ጠፋ። በዚህ ሁሉ ዘመን መጥረቢያ ያልደፈረው የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ብቻ ነው። ዘበኛ ስለ ነበረው ሳይሆን ሕዝቡ «ይህ የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ስላመነ ነው።

የአገራችን የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፎች፥ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። በኋላም እንደ ዣራና ደብረ ሰና ባሉ ቦታዎች ካህናቱና ገበሬዎቹ ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ቅጥር ሠርተዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ምስጋና ይገባቸዋል፤ የሁላችንን ርስት ጠብቀው አቆይተውልናልና።

ነገር ግን ቅጥሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል። ከቅጥሩ ውስጥ ያለው የእግዚአብሔር ከሆነ፥ ከቅጥሩ ውጭ ያለው የማን ነው? ምድርና በእርስዋ ያለው ሁሉ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ መዝሙረኛው አስተምሮናል (መዝ. 24፥1)። ቅጥር የሚሠራው ቅድስናን በውስጥ ለመቈለፍ አይደለም፤ ውጭው ሁሉ ምን ሊሆን እንደሚገባው ምሳሌውን ለማቆየት ነው እንጂ።

፪. ዘሩ

በዚሁ ጥናት የተገለጠ ሌላ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ እርሱ ነው። የደኑ አፈር ሲመረመር ከአብዛኞቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር በውስጡ ተከማችቶ አልተገኘም። የአረምና የሣር ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር ግን ወይ ቶሎ ይበቅላል፥ ወይ ቶሎ ይበሰብሳል። እናት ዛፉ ከተቈረጠች አፈሩ አያስታውሳትም። የበቀለውም ችግኝ ከብት ከረገጠውና ከጋጠው ዛፍ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ደኑ የሚቀጥለው በሁለት ነገር ነው፤ ዘር የምትሰጥ ሕያው እናት ዛፍ በመኖርዋና ለጋው ችግኝ ከመረገጥ በመጠበቁ።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ይህ ነገር ስለ እናንተ የተነገረ አይመስላችሁምን? «አገሩ የክርስቲያን አገር ነው፥ ሃይማኖት በደማችን አለ» እያልን እንዘናጋለን። ሃይማኖት ግን በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ ዘር አይደለም። በየትውልዱ ከሕያው ሰው ወደ ሕያው ሰው ካልተላለፈ አፈሩ ብቻውን አያበቅለውም። በዐሥር ልጆች ፊት በእሑድ ጠዋት የምትቆሙ እናንተ እናት ዛፎች ናችሁ። ከልጆቹ አንዱ በመጠጥ ቤት፥ አንዱ በሥራ ማጣት፥ አንዱ በጥላቻ ወሬ እንዳይረገጥ ዙሪያውን ድንጋይ እየለቀማችሁ የምታጥሩም እናንተ ናችሁ። ድካማችሁ የማይታይ ቢሆንም ከንቱ አይደለም።

፫. ውኃው

ሦስተኛውን ከመናገሬ በፊት አንድ በደሌን ልናዘዝላችሁ ይገባኛል። ካህን በሆንሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባገለገልሁበት አንድ የገጠር ቁምስና፥ ከግቢው በስተ ኋላ ምንጭ ነበረ። በምንጩ ዙሪያ የቆሙትን ዶቅማዎችና አንድ ትልቅ ዋንዛ አስቈርጬ በምትካቸው ባሕር ዛፍ አስተከልሁ። ሐሳቤ ለአዳራሹ ቆርቆሮ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ገንዘቡም ተገኘ፥ አዳራሹም ተከደነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ምንጩ ገና በጥር ወር መድረቅ ጀመረ። አንዲት አሮጊት እናት ባዶ እንስራቸውን ይዘው ወደ እኔ መጥተው «አባ፥ እንጨቱ ተሸጠ፥ ቆርቆሮውም ተመታ፤ ውኃውንስ ከየት ትገዙልናላችሁ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የጥምቀትን ውኃ በየዓመቱ የምባርክ ሰው የጎረቤቴን ውኃ በእጄ አድርቄ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ባሕር ዛፍን ለመኰነን አይደለም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የብዙ ድሃ ቤት ሠርቷል፥ የብዙ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ሸፍኗል። ስፍራው ግን የምንጭ ዳር አይደለም፤ አብዝቶ ይጠጣልና። በደሉ የዛፉ ሳይሆን የእኔ ነው። ፈጥኖ የሚያድገውን ፈልጌ፥ በዝግታ የሚያጠግበውን ቈረጥሁ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ከቤተ መቅደሱ መድረክ በታች ውኃ ሲወጣ አየ (ሕዝ. 47፥1-12)። ውኃው መጀመሪያ እስከ ቍርጭምጭሚት፥ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፥ ቀጥሎም እስከ ወገብ ደረሰ፤ በመጨረሻ ሊሻገሩት የማይቻል ወንዝ ሆነ። በግራና በቀኝ ፍሬያቸው ለምግብ፥ ቅጠላቸውም ለመድኃኒት የሚሆን ዛፎች በቀሉ። ውኃውም ወደ ጨው ባሕር ወርዶ ባሕሩን ፈወሰው። ልብ በሉ፤ ውኃው ከቤተ መቅደስ ወጣ እንጂ በቤተ መቅደስ አልቀረም። የቅድስናው ምልክት የመውጣቱ ነገር ነው።

የእኛስ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ። ደን በቆመበት ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሰርጎ በበጋ እንደ ምንጭ ይመለሳል፤ ደን በሌለበት ግን አፈሩን ጠርጎ በአንድ ቀን ይወርዳል። ጣና በዚህ ደለል ሲሞላ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እንቦጭም ዓሣ አስጋሪውንና የዳር ዳሩን ገበሬ አስጨንቋል። የሕዝቅኤል ወንዝ ባሕርን ሲፈውስ፥ የእኛ ወንዝ የባሕሩን ሕመም ያብሳል። ከላይ ያለ ሰው በሚያደርገው ከታች ያለ ሰው ይጠማል፥ ይራባልም።

ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክት ሲሰጡ፥ የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አንድ አድርገን እንድንሰማ አስተምረውናል። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችን የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ጥር 11 ቀን፥ በበዓለ ጥምቀት ነው። በውኃ በዓል ቀን የተወለደች ሀገረ ስብከት የምንጭ ነገር ሊያገባት ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኒያ አሮጊት እናት በባዶ እንስራቸው ያስተማሩኝም ይህንኑ ትምህርት ነበር።

ወገኖቼ ሆይ፥ ከተማችን ስምዋን የወሰደችው ጌታ ክብሩን ከገለጠበት ተራራ ነው። በዚያ ተራራ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ ለመቀመጥ ወደደ። በዚያች ጠዋት በጅረቱ ዳር እኔም እንደ ጴጥሮስ «በዚህ መሆን መልካም ነው» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ። ከተራራው ግርጌም የታመመ ልጅና ያለቀሰ አባት ቆየው፤ ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት ያህል እምነት የተናገረውም በዚያው ነው (ማቴ. 17፥14-20)። እኛም ወደ ደኑ የምንገባው ዕረፍት ለማግኘት ነው፤ የምንወጣው ግን ከጅረቱ ጋር፥ በጅረቱ መንገድ ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፥ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች አስፈቅዱ፥ በጸጥታ ተመላለሱ፥ ጅረቱንም እስከ ቅጥሩ ድረስ ተከተሉ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ቁምስና ከባለ ርስቶቹ ፈቃድ ጋር ከእናት ዛፎች ዘር ለቅሞ ችግኝ ያፍላ፤ የምንጭ ዳርንም ለዶቅማ፥ ለዋንዛና ለብሳና ይመልስ። የተተከለውንም እስኪጠና ድረስ ይጠብቅ፤ መትከል የአንድ ቀን፥ መጠበቅ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነውና። ሦስተኛ፥ ለንስሐ ስትዘጋጁ ኅሊናችሁን ስትመረምሩ፥ ከእኔ በታች ያለ ሰው በእኔ ምክንያት ተጠምቷልን? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

እኔም ወደዚያች ቁምስና ተመልሼ፥ በምንጩ ዳር የተከልሁትን ባሕር ዛፍ ከምእመናኑ ጋር አንሥቼ የዶቅማ ችግኝ ተክያለሁ። ችግኞቹ ገና ከጉልበት አላለፉም፤ ምንጩም ገና አልተመለሰም። አሮጊቷ እናት ግን በየማታው በጣሳ ውኃ ያጠጧቸዋል። እርሳቸው ከማይቀመጡበት ጥላ፥ ከማይቀዱትም ምንጭ ሌሎች እንዲጠቀሙ ይደክማሉ። እምነት ይህ ነው።

ከቤተ መቅደሱ ውኃን ያፈለቀ አምላክ ልባችንን ምንጭ፥ እጃችንንም የዘር እጅ ያድርግልን። ክብርና ምስጋና ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።