ልኩ የታወቀ ኮፍያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሹራብ የሚሠሩ አንዲት እናት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያረጀ የሱፍ ሹራብ ይተረትሩና ክሩን አጥበው፣ ጠቅልለው ለችግረኛ ያስቀምጣሉ። ብርድ ያደጉበት ነውና የበረደው ሰው ሲያዩ አያስችላቸውም።

አንድ ቀን አንድ ሰው የተፈናቀሉ ሕፃናት ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ሲናገር እንባው ይወርዳል።

«እማማ፣ የቻሉትን ያህል ሹራብ ይሥሩልን።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ሁሉም ዓይነት አለ።»

«ያሉበት አገር ቆላ ነው ደጋ?»

ሰውየው ዝም አለ። «ብቻ የተገኘውን ይለብሳሉ» አለ ኋላ።

«እሺ ልጄ፣ ጠይቅና ተመለስ» ብለው ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

በሳምንቱ ከሆስፒታል አንዲት ነርስ መጣች። ተረኛ ስለሆነች ቸኩላለች። ከጋዋኗ ኪስ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ክር አወጣች።

«እስከዚች ቋጠሮ ድረስ በወሩ የተወለደ ልጅ የራስ ዙሪያ ነው፤ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይቺ አጭሯ ወሩ ሳይደርስ የተወለደ ነው። ኮፍያው ማሰሪያና ቁልፍ አይኑረው። በፈላ ውሃ ስለምናጥበው ሱፍ ይኮማተርብናል፤ የጥጥ ክር ይሁንልን። ለጊዜው ሃያ ይበቃናል፣ እማማ።»

ከዚያ ሁሉ ጥቅል አንዱም አልሆነም። በማግስቱ ሱፉን ገበያ አውጥተው ሸጡና የጥጥ ክር ገዙ።

ጎረቤታቸው ተቆጣች። «ያለቀሰውን መልሰው ያላለቀሰችውን ይሰማሉ?»

«እሷ የልጆቹን ራስ ለክታ መጣች» አሉ እማማ። «እሱ ያለቀሰላቸውን ልጆች ገና አላያቸውም።»

እኔ ከእማማ ጋር ነኝ። ፎቶግራፍ አይቶ ልቡ የማይነካ የለም፤ ክርና ጊዜ መስጠት ያለብን ግን ለማን፣ በምን ልክ፣ ስንት እንደሚበቃ ለሚያውቅ ሰው ነው። በተለይ «ይበቃል» ማለት የሚችል ጠያቂ ይታመናል። ከሚበቃው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፦ በአውስትራሊያ ፊሊፕ ደሴት፣ ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ የነካቸው ትንንሽ ፔንግዊኖች መርዙን በመንቁራቸው እንዳይውጡ እስኪታጠቡ ድረስ ሹራብ ይለብሳሉ። ጥሪው ዓለምን ሲያዳርስ ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ሹራብ ጎረፈ፤ ትርፉ አሻንጉሊት ፔንግዊን ለብሶት ለገቢ ማሰባሰቢያ ተሸጠ። ገንዘቡ ለበጎ ውሏል፤ ሠሪዎቹ ግን ያመሹት ለአሻንጉሊት አልነበረም። ነርሷ ኮፍያ የጠየቀችለት፣ ወሩ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ግን ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ራሱ ከገላው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነውና በእናቱ ደረት ላይ ታቅፎ ሳለ እንኳ ኮፍያ ያሻዋል።

የዚያ ሰው ልጆችም ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ ሊዘነጉ አይገባም። ቆላ ካሉ የሚፈልጉት አጎበርና ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ለዚያ ሹራብ ሳይሆን ብር ይደርስላቸዋል።