ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ሰው አይጨምርም። ማንም እግሩን ያላሳረፈበትን አገር የናፈቁ፥ ማንም ያልሠራውን መሣሪያ በሐሳባቸው ሠርተው ያዩ ደራስያን በዓለም ላይ ተነሥተዋልና። የጻፉትም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይባላል። ወጣቶች ሆይ፥ እነዚህ ሰዎች ስለ ጠፈር ጕዞና ስለሚያስብ መሣሪያ አስቀድመው ምን እንዳዩ፥ እኛም ከእነርሱ ምን ልንማር እንደሚገባን ጥቂት ላጫውታችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ናቸው ካላልሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዡል ቬርን የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ በ1865 ዓ.ም. ከምድር ወደ ጨረቃ ስለ መጓዝ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን እንኳ አልነበረም። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ሰዎች በአሜሪካ አገር ከፍሎሪዳ በታላቅ መድፍ ተተኵሰው ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ፤ በተከታዩም መጽሐፍ ሲመለሱ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ። ከ104 ዓመት በኋላ፥ በ1969 ዓ.ም.፥ አፖሎ 11 ሦስት ሰዎችን ይዞ ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሣ፤ ተመልሶም በዚያው ውቅያኖስ ላይ ዐረፈ።

ይሁን እንጂ ቬርን ነቢይ አልነበረም። መድፉን በተመለከተ ስቷል፤ እንደዚያ የሚተኰስ ሰው ገና በመጀመሪያው ቅጽበት ይደቅቃልና። ወደ ትክክለኛው መንገድ ከመሩት ሰዎች አንዱ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሚባል ሩስያዊ ነው። እርሱም በልጅነቱ በሕመም ምክንያት ጆሮው የደከመ፥ ከዋና ከተማ ርቆ የሚኖር የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረ። ከቬርን መጽሐፍ ምኞቱን ወሰደ፥ ስሕተቱን ግን አልወሰደም፤ በ1903 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የሚያደርሰው ሮኬት መሆኑን በሒሳብ አስረድቶ አሳተመ። እኔም ዕድሜዬን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ያሳለፍሁ አስተማሪ በመሆኔ በዚህ ሰው ታሪክ ደስ ይለኛል። ደራሲው ተመኘ፥ መምህሩ አሰላ፥ ከዚያም በኋላ መሐንዲሱ ሠራ።

ይህ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው፥ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተወነጨፈች። ከእርሷ የሚመጣውን መረጃ ይቀበል ዘንድም በእንጦጦ ተራራ ላይ ጣቢያ ተሠርቶ ነበር። የተላከችውም እርሻውን፥ ውሃውንና ደኑን ከላይ ሆና እንድትመለከት ነበር።

የጠፈሩ ነገር እንዲህ ከሆነ፥ ስለሚያስበው መሣሪያ የተጻፈው ግን ከዚህ ይልቅ ጥልቅ ነው። ሜሪ ሼሊ የምትባል እንግሊዛዊት ፍራንከንስታይን የተባለውን መጽሐፍ መጻፍ ስትጀምር የ18 ዓመት ልጅ ነበረች፤ መጽሐፉም በ1818 ዓ.ም. ታተመ። በውስጡ አንድ ወጣት ሊቅ በድን ገጣጥሞ ሕይወት ይሰጠዋል፤ መልኩን ባየ ጊዜ ግን ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ብዙ ሰው ክፉው ፍጡሩ ነው ይላል። አስተውሎ ያነበበ ግን የመጀመሪያው በደል የሠሪው መሆኑን ያያል፤ ሠርቶ ጥሎታልና።

ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ ደግሞ በ1920 ዓ.ም. ባሳተመው ቴአትር ሮቦት የሚለውን ስም ለዓለም ሰጠ። ስሙ የወጣው ሮቦታ ከሚለው የአገሩ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የግዴታ ሥራ ማለት ነው፥ በእኛ አገር ገባሩ ለመልከኛው ያለ ዋጋ ይሠራ እንደ ነበረው ያለ። እንግዲህ ደራሲው የተናገረው ስለ ብረት ብቻ አይደለም። ሳይደክም፥ ሳይጠይቅ፥ ደመወዝ ሳይቀበል የሚሠራልን ለማግኘት ስለምንመኘው ስለ እኛ ልብ ነው። ሁሉን ነገር በገባር የሚያሠራ ሰው ራሱ ምን ሆኖ ይቀራል?

እኔ በምኖርባት በሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው አደባባይ ፈረስ መጋላ ይባላል፤ መጋላ ማለት ገበያ ነው። ቀድሞ ፈረስ ይሸጥበት ነበር። ፈረሱ ሄደ፥ በኋላም ፔዦ 404 ታክሲዎች መጡ፥ ዛሬ ደግሞ ባጃጅ ይርመሰመስበታል። ከዚያው የሚነሣው የልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። መኪናው ከእጅ መርፌ ይልቅ ፈጣን ነው። ነገር ግን የሙሽራይቱ ቀሚስ ቢጠብ የሚጠየቀው ሰፊው ነው እንጂ መኪናው አይደለም። አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ያሉት ይህንን ነው። ፈረሱ ጌታውን ከጦር ሜዳ ያደርሰዋል፤ መዋጋቱ ግን የጌታው ፈንታ ነው።

ዛሬ መኪናው ከልብስ አልፎ ወደ ቃል መጥቷል። በቅርቡ አንድ የሠፈሬ ወጣት አባቱ ለሞተበት ጓደኛው የሚልከውን የማጽናኛ ደብዳቤ ይዞ መጣና «ጋሼ፥ ይዩልኝ» አለኝ። አማርኛው የጠራ፥ አንድም ፊደል ያልተገደፈበት ነበረ። ማን እንደ ጻፈው ብጠይቀው፥ በስልኩ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደ ጻፈለት ሳይሸሽግ ነገረኝ።

«ሟቹን ታውቃቸው ነበርን?» አልሁት።

«እንዴት አላውቃቸውም! ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለልጃቸውም ለእኔም ሳምቡሳ ይገዙልን ነበር» አለኝ።

ከዚህ ሁሉ በደብዳቤው ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም። ደብዳቤው ለማንኛውም ሟች ሊላክ ይችል ነበር። «እንግዲያውስ የሳምቡሳውን ጻፍለት» አልሁት። ቁጭ ብሎ ጻፈ። አጭር ነበረ፥ ስድስት ወይም ሰባት መስመር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም ነበር። ፊደሉን መሣሪያው ቢያርምለት አልከለክለውም፤ ኀዘኑን ግን ሌላ ሊያዝንለት አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። መሣሪያ የሠሪውን ዐይን ይወርሳል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፥ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ ሦስት መሣሪያዎች ተመርምረው ነበር። በነጣ ያሉትን ወንዶች ሲለዩ ስሕተታቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ በጠቈር ያሉትን ሴቶች ሲለዩ ግን በአንደኛው መሣሪያ ስሕተቱ ከመቶ 34 አልፏል። መሣሪያው ክፋት አላሰበም፤ የተማረበት ሥዕል በአብዛኛው በነጣ ያሉ ሰዎች ሥዕል ስለ ነበረ ሳይሆን አይቀርም። የቬርንም ሦስት መንገደኞች ሁለቱ አሜሪካውያን፥ አንዱ ፈረንሳዊ ነበሩ። በምኞቱ ጊዜ ያልታሰበ ሰው በሥራው ጊዜም ይረሳል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ እነዚህን የቆዩ መጻሕፍት አንብቡ፤ ትንቢታቸው ስንቱ እንደ ደረሰ ለመቍጠር ሳይሆን፥ የጠየቁት ጥያቄ ገና ስላልተመለሰ ነው። በአማርኛም፥ በሐረሪም፥ በኦሮምኛም፥ በሶማልኛም ገና ያልመጣውን ዘመን ራሳችሁ ጻፉ፤ የሚሠሩት ሰዎች እናንተንም አስበው ይሠሩ ዘንድ። መሣሪያውንም አትፍሩት፥ አታምልኩትም። ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን በእርሱ ባደረጋችሁት ሁሉ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» ለማለት የምትችሉ ሁኑ።