ትክክለኛውን ፍጥነት ማን ያውቃል?

አንድ የተበላሸ ነገር ተጠገነ የምንለው መቼ ነው? ወንበር ከሆነ ተቀምጠን እንፈትሻለን፣ መብራት ከሆነ አብርተን እናያለን። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ላይ ስንደርስ ግን መልሱ ያስቸግራል። ማሽኑ ይዞራል፣ መርፌው ያነባል፣ ድምፅም ይወጣል። የወጣው ድምፅ ዘፋኙ የዘፈነው ስለመሆኑ ግን ማሽኑ ስለ ራሱ ሊመሰክር አይችልም። ይህ የሙያ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ታሪኩ የፈረሰበት ከተማ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል። የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ደግሞ ከማንም በላይ ተጋፍጣዋለች።

በቤታቸው የድሮ ማጫወቻ የሚጠግኑ ሰዎች አብልጠው የሚወዱት በጎማ የሚነዳውን፣ አይድለር የሚሉትን ዓይነት ነው። የእንግሊዙ ጋራርድ 301 እና ተከታዩ 401፣ የስዊዘርላንዱ ሌንኮ ኤል 75፣ ቺንጋንና ጎማን ያጣመረው ቶረንስ ቲዲ 124 በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ ዝነኞች ናቸው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ፑሌጃ አለ፤ ፑሌጃው ጠርዟ ጎማ የሆነ ትንሽ መንኮራኩር ያዞራል፤ እሷ በተራዋ ሸክላው የሚያርፍበትን ከባድ የብረት ሳህን ታዞራለች።

ጥገናው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለዓመታት ደርቆ ሙጫ የሆነው ግራሶ ይጠረጋል። የሞተሩ ቦኮላ ታጥቦ አዲስ ዘይት ይጠጣል። የሳህኑ ኩሽኔታ ይፈተሻል። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ጎማዋ ፑሌጃው ላይ እንደተጫነች ከከረመች አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ይሆንና በዞረች ቁጥር ትደልቃለች፤ ስለዚህ ትሞረዳለች ወይም ትቀየራለች። ከዚያ ማሻሻሉ ይመጣል፦ የሞተሩን ንዝረት የሚውጥ ከባድ የእንጨት መቀመጫ፣ አዲስ ክንድ፣ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ የሚያስተካክል ሣጥን።

ስለዚህች ጎማ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ትልቅም ሆነች ትንሽ የሳህኑን ፍጥነት አትለውጥም። ፍጥነቱን የሚወስኑት የፑሌጃው ውፍረትና የሳህኑ ጠርዝ ናቸው፤ እሷ ከአንዱ የተቀበለችውን ለሌላው ታስተላልፋለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም። ከእሷ የሚፈለገው ክብ መሆን ብቻ ነው። ክብነቷ ሲጎድል ግን ጉድለቷ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይሰማል።

አሮጌ ነገር መጠገንን በተመለከተ አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተከራክረዋል። ጆን ረስኪን በ1849 ባሳተመው መጽሐፉ የድሮ ሕንፃን ወደነበረበት መመለስ የሚባለው ሥራ ከነጭራሹ ሐሰት ነው አለ፤ የሠሪው እጅ አንዴ ከሄደ አይመለስምና። ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ በበኩሉ ማደስ ማለት ሕንፃውን ምናልባትም ከዚያ በፊት ኖሮት በማያውቅ ሙሉ ሁኔታ ላይ ማድረስ ነው ብሎ አመነ። የማጫወቻ ጠጋኞችም ዛሬ በሁለት ወገን ቆመው ይኸንኑ ይሟገታሉ። አንዱ ዋናውን ብሎን እንኳ አትንኩ ይላል፤ ሌላው የሚሻሻለው ሁሉ ይሻሻል ይላል።

ለሁለቱም ወገን አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ዕቃው ላይ ነው የተከሉት። ሕንፃ የሚታየው ራሱ ነው። ማጫወቻ ግን የሌላ ሰው ቃል አቀባይ ነው፤ ሥራው የሌላውን ድምፅ ሳይለውጥ ማድረስ ነው። ስለዚህ የማጫወቻ ጥገና ዋና ጥያቄ «ዕቃው የቀድሞው ዕቃ ነው ወይ?» የሚል አይደለም። «የተናገረው እውነት ነው ወይ? እንዴትስ እናውቃለን?» የሚል ነው።

አንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ለዚህ የሚሆን መለኪያ ተሠርቶላቸዋል። በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ ነጠብጣቦች አሉ፤ ከአጠገቡ ትንሽ የኒዮን መብራት ታበራባቸዋለች። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ሲሆን መብራቷ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ትላለች። ሸክላው በደቂቃ በትክክል 33⅓ ጊዜ ሲዞር 180 ነጠብጣብ ያለው ረድፍ የቆመ ይመስላል። ወደ ፊት ከሸሸ ፈጥኗል፣ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ዘግይቷል። ነጠብጣቦቹ ከቆሙ ጠጋኙ እፎይ ይላል።

አሁን ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሰፈር ጄኔሬተር ነው እንበል። ከተማዋን ካፈረሰው ጦርነት በኋላ ሐርጌሳ ብርሃን ያገኘችው ከግል ጄኔሬተሮች ነበር፤ የፀሐይ ኃይል የተጨመረው ኋላ ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛበት ዙሩ ይቀንሳል፣ ድግግሞሹም አብሮ ይወርዳል። ከ50 ወደ 49 ኸርዝ ቢወርድ የማጫወቻው ሞተር ሁለት በመቶ ያህል ይዘገያል፤ የዘፋኙ ድምፅም የግማሽ ቃና ሲሶ ያህል ዝቅ ይላል። ነጠብጣቦቹ ግን አይንቀሳቀሱም። መብራቷ የምትበራው በዚያው በዘገየው ኤሌክትሪክ ነውና እሷም ሁለት በመቶ ዘግይታለች። ማሽኑ ተሳስቷል፤ መለኪያውም እኩል ተሳስቷል፤ ሁለቱ ግን ፍጹም ተስማምተዋል።

የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ በሙሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፦ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ሁለት ነገሮች ቢስማሙ ስምምነታቸው ማስረጃ አይሆንም። በመጽሐፈ ሶስና ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃላቸው አንድ ነበር፤ ሸንጎውም በዚያ ቃል ፈረደ። ዳንኤል ያደረገው ለያይቶ መጠየቅ ብቻ ነበር፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ስምምነታቸው የመጣው ካዩት ነገር ሳይሆን ከተማከሩት ምክር እንደነበር ያን ጊዜ ተገለጠ። ጠጋኙ ለማጫወቻው በኳርትዝ ክሪስታል የሚመራ የኃይል ሣጥን ሲገዛለት ወይም በባትሪ በምትሠራ መብራት ነጠብጣቦቹን ሲፈትሽ የዳንኤልን ሥራ መሥራቱ ነው። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጋር ያልተማከረ ምስክር ይጠራል።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ። ሐርጌሳ ሬዲዮ ጣቢያ ያገኘችው በ1943፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሳለች ነው። የሶማልኛ ቋንቋ ይፋዊ ፊደል የተቀበለው ግን በ1972 ነው። ስለዚህ ለዚያ ሕዝብ በሪልና በካሴት የተቀዳ ድምፅ መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። የሙዚቀኛው የአብዱላሂ ቃርሼ ኡድና ዜማ፣ የባለቅኔዎቹ ክርክር፣ ድራማው ሁሉ በዚያ ነበር። በ1988 የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ ሲገቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ በጅግጅጋ አቅራቢያ ያለው የሐርትሼክ መጠለያ በዚያ ዘመን ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ።

ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጦርነቱ እንደማይቀር የገባቸው ሰዎች ሪሎችንና ካሴቶችን አሽሽተው ነበር። ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ዛሬ የሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ የመሠረተው ሬድ ሲ የባህል ፋውንዴሽን በሐርጌሳ የባህል ማዕከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ይዟል። በ2017 «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» በሚል ርዕስ የወጣውና ለግራሚ ሽልማት የታጨው የሶማሊ ዘፈኖች ስብስብ ከዚህ ክምችት የተቀዳ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመትረፍ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ነው። የመንግሥት ሬዲዮው ክምችት ቦምብ ሳይነካው ሙሉ ሆኖ ተርፎ ቢሆን ኖሮ እንኳ ስለዚያ ዘመን እውነቱን አይነግረንም ነበር። በ1979 ጋሪዬ የተባለው ባለቅኔ የጀመረው፣ ሌላው ባለቅኔ ሐድራዊም የተሳተፈበት «ዴለይ» የተሰኘ የግጥም ሰንሰለት ጎሰኝነትንና አምባገነንነትን ይሞግት ስለነበር የተሰራጨው ከእጅ ወደ እጅ በሚቀዳ ካሴት ነው። ሐድራዊ ራሱ ከ1973 እስከ 1978 ታስሮ ነበር። ሬዲዮው፣ የሬዲዮው መዝገብና ሳንሱሩ የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነበር። ነጠብጣቦቹ ቆመው ይታዩ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ካሴት ዋጋው ከዚያ ምንጭ አለመጠጣቱ ነው።

የካሴቱን ድምፅ ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያንኑ የፍጥነት ጥያቄ በአዲስ መልክ ያገኘዋል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲሄድ ነው የተወሰነው። የቀዳው ማሽን ቺንጋው ላልቶ ከነበረ ግን ያ ስህተት በቴፑ ላይ ለዘላለም ተጽፏል። ከዚያ ቅጂ ሌላ ቅጂ ሲወጣ ሁለተኛ ስህተት ይደረባል። የዛሬው ማሽን እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ የሚያደርገው ስህተቱን በታማኝነት ማሰማት ነው። ታዲያ ትክክለኛውን ፍጥነት ማን ያውቃል?

አንዱ ምስክር ሰዎች እንደ ቆሻሻ የሚጥሉት ነገር ነው። በብዙ የድሮ ቅጂዎች ሥር ከኤሌክትሪክ መስመሩ የገባ እምምታ ይሰማል። ያ እምምታ በቀረጻው ጊዜ 50 ኸርዝ ከነበረና ዛሬ 51 ሆኖ ከተሰማ ቴፑ ሁለት በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። ድምፁን «ለማሻሻል» እምምታውን አስቀድሞ ያጸዳ ሰው ምስክሩን ከሸንጎ አባሯል። ሌላው ምስክር በሌላ ከተማ፣ በሌላ ማሽን የተቀዳ የዚያው ዘፈን ቅጂ ነው። ሦስተኛው ሰው ነው፦ ኡዱ በየትኛው ቃና ይቃኝ እንደነበር የሚያውቅ አዛውንት ሙዚቀኛ፣ የዘፋኟን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቅ አድማጭ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ምስክሮቹም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የቀረጻው ዕለት ኤሌክትሪክ ራሱ 49 ኸርዝ ሊሆን ይችል ነበር። የአዛውንት ትዝታ ይዋዥቃል፤ ጆሮም በተበላሸ ካሴት ለዓመታት ከሰማ የተበላሸውን ትክክል አድርጎ ይለምዳል። እያንዳንዱ ምስክር ሌላ ምስክር የሚፈልግ ከሆነ መጨረሻው የት ነው?

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ የማይሳሳት ምስክር አያስፈልገንም። የሚያስፈልጉን ስህተታቸው ዝምድና የሌለው ብዙ ምስክሮች ናቸው። የኤሌክትሪኩ እምምታ በአዛውንቱ ትዝታ ምክንያት አይሳሳትም፤ አዛውንቱም በጄኔሬተሩ ጭነት ምክንያት አይሳሳቱም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ያገናኛቸው ዘፈኑ ራሱ ነው የማለት መብት አለን። እውነት ከአንድ ፍጹም መለኪያ አትወርድም፤ ሳይመካከሩ ከሚገናኙ ጎደሎ ምስክሮች መካከል ትገኛለች።

ይህ ለእኛም ይሠራል። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሕጉ ያንን ሥራ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የሰጠ ነበር፤ እሱ ግን በድፍረት ገብቶ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ የአንድን ሸክላ ሁለት ቅጂዎች በተስተካከለ ማጫወቻ ብናሰማ ጭረታቸው ይለያያል፤ ዘፈናቸው አንድ ነው። የሚለያየው የየቤቱ ታሪክ፣ የማይለያየው የዘፋኙ ሥራ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ የታተሙ ስለሆኑ ስለ ጭረት እንጂ ስለ ዋናው ቀረጻ ፍጥነት መመስከር አይችሉም። ለዚያ ሌላ ዓይነት ምስክር መጥራት ግድ ነው። የትኛው ምስክር ስለ ምን እንደሚያውቅ መለየት የጠጋኝም የታሪክ ጸሐፊም ዋና ችሎታ ይመስለኛል።

እንግዲህ ማሻሻል ትክክል የሚሆነው መቼ እንደሆነ መናገር እንችላለን። ከባዱ መቀመጫ የሞተሩን ንዝረት ከዘፈኑ ስለሚለይ ትክክል ነው። የኳርትዙ ሣጥን ከመስመሩ ያልተማከረ ምስክር ስለሆነ ትክክል ነው። አዲሷ ጎማ ክብ ሆና ከራሷ ምንም የማትጨምር ከሆነች ትክክል ነች። አሮጌው ዕቃ ተቀምጦ፣ የተለወጠው ሁሉ ተጽፎ፣ ነገ ሌላ ሰው ሥራችንን ሊፈትሽ ከቻለ ማሻሻሉ ታማኝ ነው። ምስክርን የሚያጠፋ ማሻሻል ግን ምንም ያህል ጥርት ያለ ድምፅ ቢያወጣ ማጭበርበር ነው።

በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በሐርጌሳ፣ በሚኒያፖሊስ በየቤቱ ካሴትና ሸክላ ያላቸው ሰዎች ዛሬ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «ይሄ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ስላለ የእኔ ቅጂ ምን ይሠራል?» ኢንተርኔት ላይ ያለው እልፍ ጊዜ ቢባዛ እልፍ ምስክር አይሆንም፤ ከአንድ ፋይል የወጣ አንድ ቃል ነው። በቤታችን ያለው የተጫረና የተንሻፈፈ ቅጂ ግን ከዚያ ፋይል ጋር አልተማከረም። ስለዚህ አንጣለው። ማጫወቻውንም እንጠግነው፤ ምስክር ቃሉን የሚሰጠው የሚጠይቀው ሲገኝ ብቻ ነውና።