ስለ መታመንና ስለ መታዘዝ

ከአፍንጮ በር ተነሥቶ ወደ አራዳ የሚመጣ ሰው ብዙ ሳይደክም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ተሳልሞም ጥቂት እልፍ ሲል የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያያል። ይህ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲባል ከስፍራው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። የአባቱን እጅ ይዞ በአጠገቡ የሚያልፍ ሕፃን “ይህ ማን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ “ለእግዚአብሔር ታዝዘው፥ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሀገራቸው የሞቱ አባት ናቸው” ይባላል። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ጥቂት ባደገ ጊዜ ይህ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልድበታል፤ ይኸውም “ከታዘዙስ እግዚአብሔር ስለ ምን አላዳናቸውም?” የሚል ነው። ወጣቶችን የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚፈተነው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው የበዓላቱ መቀራረብ ነው። በሐምሌ 19 ቀን ቤተ ክርስቲያን የሦስት ዓመቱን ሕፃን የቅዱስ ቂርቆስንና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን ተአምር ታስባለች። ከሚፈላው ውኃ ፊት በቀረቡ ጊዜ እናቲቱ ፈራች፤ ሕፃኑ አጽናናት፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ የፈላውን ውኃ አቀዘቀዘላቸው። ከዚህ በዓል እስከ ሐምሌ 22 ሦስት ቀን ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት እጅ ለማስለቀቅ ሐምሌ 21 ቀን ገብተው ተዋጉ፤ አልሆነላቸውም። በማግሥቱ፥ ሐምሌ 22፥ አቡነ ጴጥሮስ ለኢጣልያ እንዲገዙና አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ በአደባባይም በጥይት ተገደሉ። በዚያ ቀን ጥይቱን ያቀዘቀዘ መልአክ አልታየም።

እንግዲህ ብዙ መምህራን ከዚህ ሲደርሱ ለልጁ የሐምሌ 19ኙን ብቻ ነግረው ያልፋሉ። “አንተ ታዘዝ እንጂ እግዚአብሔር ያወጣሃል” ይሉታል። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በልጁ ልብ ውስጥ ውል ሆኖ ይጻፋል። ልጁ መታዘዙን እንደ ብድር፥ መዳኑን እንደ ወለድ ይቈጥረዋል፤ በመጀመሪያው ብርቱ ቀን ወለዱ ሳይከፈለው ሲቀር “ተታለልሁ” ብሎ ይሄዳል። ያታለለውም እግዚአብሔር አይደለም፤ ያልተጻፈ ውል ያነበበለት መምህሩ ነው።

መልሱ ከዚያው ከስንክሳሩ ሳይርቅ ይገኛል። በሐምሌ 19 ከፈላ ውኃ የወጣው ሕፃን ቂርቆስ በጥር 15 ቀን ከእናቱ ጋር በሰማዕትነት ያረፈው ያው ቂርቆስ ነው። በሐምሌ ከዳነ በጥር ስለ ምን ሞተ? እምነቱ በመካከል ጐደለን? አልጐደለም። እንኪያስ መዳኑ የመታዘዙ ዋጋ አልነበረም፤ መሞቱም የመታዘዙ ውድቀት አልነበረም። ሠለስቱ ደቂቅም በባቢሎን ንጉሥ ፊት አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ከመሰከሩ በኋላ፥ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨምረው ተናገሩ። እምነታቸው የሚታወቀው በዚህ በሁለተኛው ነገር ነው።

ሌላም አደጋ አለ። “ታዘዝ” የሚለውን ቃል ብቻ የተማረ ልጅ፥ ያዘዘው ማን እንደ ሆነ መለየት ያልተማረ እንደ ሆነ፥ በትር ለያዘ ሁሉ ይታዘዛል። ወራሪውም የጠየቀው መታዘዝን ነበር። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስናን የተቀበሉት አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፥ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። ከእነርሱ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፥ አቡነ ሚካኤል ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ለወራሪው እምቢ ብለው ተገደሉ፤ አቡነ አብርሃም ግን ተገዝተው በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያኖች ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኑ። በሙታን ላይ መፍረድ የእግዚአብሔር ነው፤ ለመምህር ግን ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው። አንዱን ትምህርት የተማሩ ሰዎች በአንዱ ቀን ሁለት መልስ ሰጡ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የዜማ ቤትና የቅኔ ቤት ያስረዳል። የዜማ ተማሪ የቅዱስ ያሬድን ድርሰት እንዳለ ይቀበላል፤ አንዲት ምልክት ቢስት መምህሩ ይመልሰዋል። የቅኔ ተማሪ ግን የመምህሩን ቅኔ በቃሉ አጥንቶ ቢያሰማ እንደ ተቀኘ አይቈጠርለትም። ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቈጥር የዋለውን የራሱን ቅኔ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። የመታዘዝን ሥርዓት ለልጆች እንደ ዜማ ማስጠናት ይቻላል፤ ጾሙ፥ ስግደቱ፥ ትእዛዛቱ እንዲሁ ይጠናሉ። በጭንቅ ቀን በእግዚአብሔር መታመን ግን እንደ ቅኔ ነው። ማንም ስለ ሌላው አይቀኝም፤ የአባት እምነትም ለልጅ አይደገምለትም።

“እያንዳንዱ የራሱን ከተቀኘ፥ ሁሉ የልቡን ምኞት የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ብሎ አይነሣምን?” የሚል ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ቅኔም ቢሆን ያለ ሥርዓት አይደለም፤ ቤት አለው፥ ምጣኔ አለው፥ ምሥጢሩም ከመጻሕፍት ይወጣል፤ የሳተውን መምህሩ ያርመዋል። እንዲሁም “እግዚአብሔር አዘዘኝ” የሚል ሰው የሚመረመርበት ምጣኔ አለ፤ ይኸውም ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መመልከት ነው። አቡነ ጴጥሮስ እምቢ ባሉ ጊዜ ለጥይት የሰጡት የራሳቸውን ደረት ነው። የራሱን ትከሻ አሳርፎ ሸክሙን በድሃ ወይም በጠላቱ ላይ የሚጭን፥ ይህንንም መታዘዝ ብሎ የሚጠራ ሰው ግን ሊጠረጠር ይገባዋል። የአብርሃም ነገር ለዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን አብርሃም ይዞ የወጣው የባዕድ ልጅ ሳይሆን ከነፍሱ አብልጦ የሚወደውን ነው፤ ቢላዋውንም ያስቆመው ያው ያዘዘው ጌታ ነው።

ቅኔ የሚጀምር ልጅ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም። የአፍንጮ በር ወጣትም ዛሬ የሚቆምበት የጥይት አደባባይ የለም፤ ጉባኤ ቃናው ግን በየቀኑ ይመጣበታል። ባለሱቁ ተሳስቶ የጨመረለትን መልስ ሊመልስ፥ በፈተና ቀን ዓይኑን ከጓደኛው ወረቀት ሊያነሣ፥ ሥራ በያዘም ጊዜ አለቃው በሐሰት እንዲፈርም ሲያዝዘው እምቢ ሊል ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ እንጀራ ያሳጣልና። መምህሩም አስቀድሞ “እንጀራህን ልታጣ ትችላለህ” ብሎ እውነቱን ሊነግረው ይገባል።

ነግሮም ዝም ሊል አይገባውም። ታዝዞ እንጀራውን ላጣ ወጣት “እግዚአብሔር ያውቃል” ብሎ ደጁን የሚዘጋ መምህር ትምህርቱን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። መታመንን ያስተማረ ጉባኤ ዋጋውንም አብሮ ሊከፍል ይገባዋል፤ መልአክ ያልተላከ እንደ ሆነ ሰው ይላካልና። ልጁ የተማረው ቃል እውነት መሆኑን ከስብከት ይልቅ በዚያ ማታ ወደ ቤቱ በሚገባ ቁራሽ እንጀራ ያውቀዋል።

እንግዲህ በሐውልቱ አጠገብ ያ ልጅ ሁለተኛውን ጥያቄ በጠየቀ ጊዜ መልሱን ከእርሱ መሸሸግ አያስፈልግም። “እግዚአብሔር አድኗቸዋል፤ ያዳናቸውም ከመሞት ሳይሆን ከመካድ ነው” ይባል። ልጁ ዝም ብሎ ቢያስብ አይቸኰልበት፤ ቅኔውን ይቈጥር እንደ ሆነ ማን ያውቃል። ማታ ሲነግር የሚሰማው መምህር እንዳያጣ እግዚአብሔር ይርዳው። አሜን።