የአራት ደቂቃ ልዩነት

ስልኩ የጮኸው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ አብዛኛውን ጊዜ መርዶ ስለሚያመጣ፣ ያነሣሁት ልቤ እየመታ ነው። ደዋዩ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ኖሯል። እናቱ እዚያ አገር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ስለምትሠራ፣ ከቤት እስክትወጣለት ጠብቆ መደወሉ ወዲያው ገባኝ። «ጋሼ፣ አማላጅ እንዲሆኑኝ ነው» አለ። ገንዘብ አጥፍቶ ይሆን ወይስ የሰው ልጅ አስረግዞ እያልኩ ስጠብቅ ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጁ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን እያገባደደ ነው። ከምህንድስናው ጎን ሥነ ፈለክን ማይነር አድርጎ መያዝ ይፈልጋል፤ እናቱ ደግሞ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ብላዋለች።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፉም አልተመለሰ፣ ሳቁም አልቀጠለ። እኔ ራሴ ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ የፈጀሁ መሐንዲስ ነኝና ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አላጣም ብዬ ነበር። ነገር ግን ባገላበጥኩት ቁጥር የአንድ ተማሪ የኮርስ ምርጫ መሆኑ እየቀረ ሌላ መልክ ያዘብኝ። በሌላ ሰው ላብ የሚማር ሰው፣ እንጀራ የማያበላ ዕውቀት የመሻት መብት አለው ወይ?

አስቀድመን ሂሳቡን እንየው። ማይነር የሚለው ቃል በእኛም ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላለፈ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከዋናው የትምህርት ዘርፍ ጎን የሚያዝ ንዑስ ዘርፍ ነው። እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም፣ አሜሪካ ውስጥ የምህንድስና ዲግሪ ከ120 እስከ 130 ክሬዲት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ማይነሩ ደግሞ ከ15 እስከ 20፣ ማለትም አምስት ስድስት ኮርስ። ሲሰሙት አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚጨምር ይመስላል። ይሁንና ካልኩለሱና መሠረታዊው ፊዚክስ ለመሐንዲሱም ለሥነ ፈለክ ተማሪውም የጋራ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም ወገን እንዲቆጠሩ ከፈቀደና ልጁ የነጻ ምርጫ ኮርሶቹን ለዚሁ ካዋላቸው፣ በተጨማሪነት የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከቁጥሩ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የምህንድስና ትምህርት እንደ መሰላል ነው፤ አንዱን እርከን ሳይረግጡ ወደሚቀጥለው አይወጣም። ከፍ ያሉት የሥነ ፈለክ ኮርሶች ደግሞ በብዙ ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ከተጋጩ ተማሪው ወይ ኮከቡን ይተዋል፣ ወይ ምርቃቱን ያዘገያል። እህቴን ያስፈራት ይኸው መዘግየት ነው።

በማግስቱ ደወልኩላት። ገና ስሙን ሳነሣ «ወንድምዓለም፣ ላንተም ደወለ?» አለችኝ። ቀጠለችና «እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ የቀሩ ሽማግሌዎች እያገላበጥኩ የማስተምረው ኮከብ ቆጣሪ እንዲሆን ነው? ወገቤ የሚችለው አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ብያለሁ፣ አራት ዓመት ነው» አለች። ኮከብ ቆጣሪና የሥነ ፈለክ ሊቅ የተለያዩ ናቸው ብዬ ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። እሷም አታጣውም። የወገቧ ነገር ግን መልስ አልነበረውም።

በኪሴ ይዤው የነበረው መልስ የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ጃንስኪ የሚባል ወጣት በአሜሪካ የቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ውስጥ በሬዲዮ መሐንዲስነት ይሠራ ነበር። የታዘዘው አትላንቲክን አቋርጦ የሚሄደውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እንዲያጣራ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል በምትባል ቦታ፣ በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ የሚሽከረከር፣ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም አንቴና ሠራ። ረብሻውንም በሦስት ለየው። አንደኛው የቅርብ ነጎድጓድ፣ ሁለተኛው የሩቅ ነጎድጓድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅ ነበር። ሦስተኛው በመጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መስሎት ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን ድምፁ ፀሐይን እየቀደመ ሄደ። የሚመላለሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር።

ልዩነቱ አራት ደቂቃ ነው። ለስልክ ሠራተኛ የሰዓት ስሕተት ሊመስለው ይችላል፤ ሰማይን ለሚያውቅ ግን ትልቅ ነገር ነው። ምድር በዛቢያዋ እየዞረች ሳለ ፀሐይንም ትዞራለች፤ ስለዚህ ፀሐይን እንደገና ፊት ለፊት ለማግኘት በየቀኑ ጥቂት ጨምራ መዞር አለባት። ከዋክብት እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ያን ጭማሪ አይጠይቁም። በዚህ ምክንያት አንድ ኮከብ በየዕለቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፤ ልዩነቱ ሲጠራቀም በዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ጃንስኪ ሥነ ፈለክ በሚያውቅ ባልደረባው ታግዞ ነገሩን መረመረና፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ድምፁ ከፍኖተ ሐሊብ እንብርት አቅጣጫ እንደሚመጣ ገለጸ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በታላላቅ አንቴናዎች የሚካሄደው የሬዲዮ ሥነ ፈለክ የተጀመረው በዚህ የስልክ መሐንዲስ ሥራ ነው።

«አየሽ፣ መሐንዲስ ሰማይን ማወቁ እንዴት እንደሚጠቅም!» ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ራሴን ስመረምር ይህ መልስ ሐቀኛ ሆኖ አላገኘሁትም። አንደኛ፣ ጃንስኪ ምርምሩን ሊቀጥል አልታደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን መልስ ስላገኘ ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው። ሥራውን ያስቀጠለው ግሮት ሬበር የሚባል ሌላ የሬዲዮ መሐንዲስ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1937 በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ግቢው ከ9 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አንቴና ተክሎ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ጃንስኪ ሲገኝ ምንም ያላገኙ ስንቶች ናቸው! ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ማለት ኮከቡን በእንጀራ ሚዛን መመዘን ነው። በዚያ ሚዛን ከተመዘነ ዘንድ እህቴ ትረታኛለች። ልጁም ቢሆን ኮከብ የሚወደው ይጠቅመኛል ብሎ አይደለም፤ ስለወደደው ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ አገራችንም ተከራክራበታለች። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም፣ በኋላም እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ሲተከሉ፣ «ሕዝብ እየተራበ የምን ኮከብ ነው?» ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር ስትመጥቅም መከላከያችን ግብርናና የአየር ንብረት ነበር። ልክ ነው፣ ሳተላይቷ የተሠራችው ለዚያ ነው። ነገር ግን «ለማወቅ ስለምንፈልግ ነው» ብሎ ለመናገር እናፍራለን። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ባዘጋጀው የስያሜ ውድድር አንድ ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል የኢትዮጵያ ስም አግኝተዋል። አቦል ሆድ አይሞላም፤ ግን ማን አስነካው?

ኮከብ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ለሚለው፣ የራሳችን የቆሎ ተማሪ በቂ መልስ ይመስለኛል። ያ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። በራበው ሆዱ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ግን ባሕረ ሐሳብ ነው። የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር በ19 ዓመት እንዴት እንደሚገናኙ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው እንዴት 30 እንደሚሆኑ ያሰላል። ለምሳሌ ለ2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ለማወቅ ሲባል እንደሚቀመር አልዘነጋሁም። ልጁን ከነረኃቡ ያቆመው ግን ይህ ጥቅም ብቻ አይመስለኝም።

ከልጁ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በሩ ላይ ቁራሽ ይዛ የምትወጣው ሴት ናት። «ተምረህ ምን ትሆናለህ? መቼስ ትከፍለኛለህ?» ብላ አትጠይቀውም። ዕውቀቱ የሷ ባይሆንም የሰው ነው ብላ ትሰጠዋለች። ልጁም በበኩሉ ጓዳ ገብቶ አይሰርቃትም፤ ደጇ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተማሪ ነኝ ብሎ ይለምናታል። በእኔ አስተያየት የጥያቄያችን መልስ ከዚህ ደጃፍ አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለቅየሳ ትምህርት ቴዎዶላይት ተሸክመን ሌሊት ወጥተን ነበር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ የቆሙበትን ቦታ ኬክሮስ ያህላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቧ ወደ እንጦጦ ጋራ ዝቅ ብላ ትታያለች። መስቀለኛውን ክር ኮከቧ ላይ አሳርፌ ቁጥሩን ሳነብ፣ የቆምኩባት ምድር ክብ መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን በአማራጭነት በሚሰጥ አንድ የሥነ ፈለክ ኮርስ ተመዘገብኩ፤ ሳምንት ሳይሞላኝ ተውኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ «ቤተሰቤ የሚጠብቀው እኔን ነው፤ ለትርፍ ነገር ጊዜ የለኝም» እል ነበር። ሰውም አመሰገነኝ።

እውነቱ ሌላ ነው። ውጤቴ እንዳይበላሽ ፈራሁ፤ ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። በሳምንት ያተረፍኳቸውን ሦስት ሰዓቶች ለቤተሰቤ አላዋልኳቸውም፤ የጨረስኳቸው ካራምቡላ ቤት ነው። አባቴ ለትምህርቴ ብሎ የሸጠው በሬ ለፍርሃቴ መሸፈኛ ሆነ። አባቴም ቢሆን «ኮከቡን ተው» ብሎኝ አያውቅም። አልጠየቅኩትም እኮ!

ከዚህ የተማርኩት ዕዳና ውለታ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ዕዳ ልኩ የታወቀ ነው፤ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ተበዳሪና አበዳሪ ይለያያሉ። ውለታ ልክ የለውም፤ ስለዚህም ተከፍሎ አያልቅም። ውለታን እንደ ዕዳ የሚያስከፍል ወላጅ በልጁ ላይ አራጣ አበዳሪ ይሆናል፤ የልጁን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንና ፍቅሩንም በመያዣነት ይይዛል። በሌላ በኩል «ውለታ አይከፈልም» ብሎ የእናቱን ሌሊቶች እንደ ልቡ የሚያጠፋ ልጅ ነውረኛ ነው። ባለውለታ ከሁሉ በፊት የሚገባው ነገር እውነቱ እንዲነገረው ነው። ምን እንደምንወድ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ወጪው በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ሊያውቅ ይገባዋል። የምንሠራበት ሰዓት በፀሐይ የተሞላ ነው፤ ከዋክብት በሌላ ሰዓት ይሄዳሉ። ሁለቱም ሰዓቶች ትክክል ናቸው። ሆኖም በመካከላቸው ያለችውን አራት ደቂቃ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው፣ አንዱን ሰዓት በሌላው ማሳበቡ አይቀርም። እኔ እንዳደረግኩት ማለት ነው።

ለልጁ ደውዬ አማላጅ እንደማልሆንለት ነገርኩት። «እናትህ ደጃፍ ቆመህ ራስህ ለምናት» አልኩት። ኮርሶቹን በየሴሚስተሩ ደልድሎ፣ የትኛው በሁለቱም ወገን እንደሚቆጠር፣ የትኛው እንደሚጋጭ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ፣ ከሥራ ስትመለስ ሳይሆን ዕረፍቷ ቀን እንዲያሳያት መከርኩት።

በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ደወለች። ወረቀቱን መስመር በመስመር አስነብባዋለች። አንዱን ኮርስ በክረምት ራሱ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ሊማረው ተስማምተዋል። «አራቱን ዓመት ካላለፈ ይያዘው» አለች። «ካለፈ ግን አንድ ሴሚስተር አልጨምርም። ያን ጊዜ ኮከቡን ትቶ ዲግሪውን ይጨርሳል። ነግሬዋለሁ፣ እሱም እሺ ብሏል።» እኔ ፈራጅ ብሆን ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰጥም ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ወንድምዓለም፣ አውድማ ስንጠብቅ የነበረው ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። እንዴት ይጠፋኛል! ጤፉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ጭድ ላይ ተኝተን፣ አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ እሷን ለውኃ የሚቀሰቅሷት ያኔ ነበር። «ከሥራ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ አያታለሁ» አለች። «አንዳንድ ጊዜ ግን ወራት ሙሉ ትጠፋለች። ለምንድን ነው?»

እኔ እንጃ ብዬ አላለፍኩም፤ ጥቂት ጥቂት አውቃለሁ። ግን «ልጅሽን ጠይቂው» አልኳት።