የሰማዕት እናት ማልቀስ ይገባታልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበር። በዚያች ዕለት ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው የአሸባሪዎች ቡድን፣ በሊቢያ 30 ያህል ክርስቲያን ወገኖቻችንን ከፊሉን በባሕር ዳር አንገታቸውን ሲቀላ፣ ከፊሉን በበረሃ በጥይት ሲገድል የሚያሳይ ፊልም አሠራጨ። በአገራችን የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እንጀራ ፍለጋ የተሰደዱትን እነዚህን ወንድሞቻችንን ሰማዕታት እንላቸዋለን።

ታዲያ ሰማዕትነት ክብር ከሆነ የሰማዕት እናት ማልቀስ ይገባታልን? «ልጅሽ አክሊል ተቀብሏልና አታልቅሺ» የሚሉ አጽናኞች አሉ። አሳባቸው በጎ ነው፤ ነገር ግን የልጁን ክብር ሲናገሩ የእናቲቱን ቁስል ይሸፍኑባታል።

የዳግም ትንሣኤ ታሪክ ሌላ ያስተምረናል። ጌታችን ሞትን ድል አድርጎ ከተነሣ በኋላ ቁስሉን አልሸሸገም፤ እጁንና ጎኑን ለቶማስ አሳየው እንጂ። ክብርና ቁስል በአንድ አካል ላይ አብረው ከታዩ፣ እምነትና እንባ በአንዲት እናት ልብ አብረው ቢኖሩ ምን ያስደንቃል? እንግዲህ እንባዋን እንደ እምነት ማነስ አንቁጠርባት።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ 15 ቀን በየዓመቱ የሽብር ሰለባዎች እንዲታሰቡበት ወስኗል። ቀን መሰየም መልካም ነው። አባቶቻችን ግን በቀን ብቻ አልተወሰኑም። ተዝካር መታሰቢያ ማለት ነው፤ ሆኖም ጸሎት ባለበት ለነዳያን የሚቆረስ እንጀራም አለበት። በእኛ ዘንድ ማሰብና መመገብ አይለያዩም። ስለዚህ ሻማ አብርተን፣ መዝሙር ዘምረን ብንበተን፣ ጧሪዋን ያጣችው እናት ግን የቤት ኪራይ ቢቸግራት መታሰቢያችን ጎደሎ ነው።

ከሞት አፋፍ ተርፎ የተመለሰውንም «ማን ሂድ አለህ?» አንበለው። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ቁስል ነው። አብረነው እንቀመጥ፤ ሊናገር ሲወድ እንስማው፤ ዝም ሲልም ዝምታውን እናክብርለት። የገዳዮቹንም ኃጢአት ከእኛ ጋር ባዘነው ሙስሊም ጎረቤታችን ላይ አንጫን።

ወጣቶች ሆይ! የሐዘን ድንኳን ይነሣል፤ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ይመለሳል። የእኛ ተራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ከመካከላችን ሁለት ሁለት እየሆንን በየወሩ አንድ ሐዘንተኛ ቤት ብንጎበኝ፣ ውኃ ብንቀዳ፣ ታናናሾቹን ብናስጠና፣ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።